ሁለት ምስር ያላት ትንኝ፦ ባዮሎጂን፣ ሒሳብንና አማርኛን በአንድ ጨዋታ ሥራ ማስተማር

የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ወባ በምን ይተላለፋል?» ተብሎ ሲጠየቅ «በሴቷ አኖፊለስ ትንኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ሙሉ ነጥብም ያገኛል። ያንኑ ተማሪ ከአራት ጓደኞቹ ጋር አስቀምጣችሁ «ስለ ወባ የሚያስተምር ጨዋታ ሥሩ» ብትሏቸው ግን ብዙ ሳይሄዱ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ትንኟን የሚወክለው ቆርኪ ከኩሬው ወጥቶ መንደሩ ውስጥ ተቀምጧል። ይህች ትንኝ አሁን ሰው ብትነክስ ሰውየው ይታመማል ወይስ አይታመምም?

ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው መልስ «ይታመማል» ነው፤ ስህተትም ነው። ትንኝ ከውሃ ስትወጣ ወባ ይዛ አትወጣም። መጀመሪያ የታመመ ሰው መንከስ አለባት። ከዚያም ተውሳኩ በሰውነቷ ውስጥ አድጎ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ፣ እንደ አየሩ ሙቀት፣ 10 ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በዚህ መሀል ብትነክስም አታስተላልፍም። ፈተናው ይህን ክፍተት አያየውም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ተሸምድዶ ይታለፋል። የጨዋታ ሕግ ሲጻፍ ግን መሸሸጊያ የለም፤ ቆርኪው ወይ ያስተላልፋል ወይ አያስተላልፍም፣ ከስንተኛው ዙር ጀምሮ እንደሆነም መወሰን አለበት።

ተማሪዎች ጨዋታ ሲሠሩ የሚማሩት ሕግ ሲያወጡ ነው የምንለውም ለዚህ ነው። ትንኟ መቼ ታስተላልፋለች የሚለውን ባዮሎጂ ይመልሳል። ስንት ጊዜ ይሳካላታል የሚለው የሒሳብ ሥራ ነው። የት ትኖራለች ሲባል ጂኦግራፊ ይመጣል። ሕጉ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ በትክክል እንዲነበብ የሚያደርገው ደግሞ ቋንቋ ነው። አንዱ ሲጎድል ጨዋታው አይጫወትም፣ መጉደሉም ወዲያው ይታያል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሰው የሚነካና የሚታይ ነገር ለሌላ ሰው ሲሠራ የበለጠ ይማራል የሚለውን የኤም አይ ቲው ሲይሞር ፓፐርት ለረጅም ጊዜ አስተምሮበታል። በዚያው መንገድ ያስሚን ካፋይ በቦስተን 16 የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ለታናናሾቻቸው ክፍልፋይ የሚያስተምር የኮምፒውተር ጌም እንዲሠሩ አድርጋለች። እዚህ የምናሳየው ግን ኮምፒውተር የማይጠይቀውን፣ በካርቶን፣ በቆርኪና በምስር የሚሠራውን ነው። ምሳሌያችን ወባ የሆነው ርዕሱ ራሱ ከአንድ በላይ ትምህርት ስለሚጠይቅ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ የወባን ተውሳክ ከትንኝ ሆድ ያገኘው ሮናልድ ሮስ ሐኪም ነበር፤ በዚህ ሥራው በ1902 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ግጥምም ይጽፍ ነበር። ወባን ለማቆም ትንኝን ሁሉ መፍጀት እንደማያስፈልግ፣ ከተወሰነ ልክ በታች ማውረድ እንደሚበቃ ያሳየው ግን በሒሳብ ነው።

ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው

ቡድኑ 5 ሰው ይሁን። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 12 ቡድን ይወጣል። ሁሉም በአንድ ርዕስ ላይ ቢሠሩ ይሻላል፤ ኋላ አንዱ የሌላውን ሲጫወት «እናንተ ይህን ለምን እንዲህ አደረጋችሁት?» የሚል እውነተኛ ጥያቄ ይነሳል። ዕቃው ቀላል ነው፦ አንድ ማኒላ ወረቀት ወይም ጀርባው ንጹሕ የሆነ ያለፈ ዓመት ካሌንደር፣ 40 ቆርኪ፣ 20 ነጭና 10 ቀይ ቦሎቄ፣ አንድ እፍኝ ምስር፣ ለኩሬ ምልክት 18 ጠጠር፣ 2 ዳይስ፣ እርሳስና ላጲስ። ካርዶቹ ከ2 ኤ4 ወረቀት ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ለ9 ሲቆረጥ 18 ካርድ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እስክሪብቶና ፓርከር አትስጡ። ምክንያቱን በኋላ እንመጣበታለን።

ጊዜው ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 80 ደቂቃ ነው። በድምሩ 8 ሰዓት።

የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ ለገበጣ ጨዋታ ስጡት። ገበጣን የማያውቅ ተማሪ ቢኖር እንኳ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል። በ12 ጉድጓድ እያንዳንዱ 4 ጠጠር ይዞ፣ በድምሩ በ48 ጠጠር አንድ ጊዜ ይጫወቱ። ከዚያ አንድ ሕግ ብቻ ይቀይሩ፤ ለምሳሌ በየጉድጓዱ 3 ጠጠር አድርገው በ36 ይጫወቱና ምን እንደተለወጠ ይጻፉ። ጨዋታው አጠረ? መጀመሪያ የሚነሳው ተጫዋች ተጠቀመ? አንዲት ቁጥር ስትነካ ሁሉ ነገር እንደሚናወጥ በእጃቸው ያዩታል፤ ይህን ያላየ ቡድን ኋላ ሕግ በአምስት በአምስት እየቀየረ የትኛው ምን እንዳመጣ ይጠፋዋል።

ሕጉ እንዴት ይወለዳል

ወደ ወባው ስንመለስ፣ አንድ ቡድን ሊደርስበት የሚችለው ሙሉ ጨዋታ ይህን ይመስላል። ሰሌዳው ላይ 4 መንደር አለ፤ ሦስቱ ቆላና ዝቅተኛ ወይና ደጋ፣ አንዱ ደጋ። በየመንደሩ ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተሰጣቸው 5 ሰዎች በነጭ ቦሎቄ ተቀምጠዋል። ሲጀመር ሁለት ሰው ታሟል፣ ስለዚህ በሁለቱ ቦታ ቀይ ቦሎቄ ገብቷል። አራት ተጫዋቾች በአንድ ወገን ሆነው ወባን ይከላከላሉ፤ አምስተኛው ትንኞቹን ያንቀሳቅሳል። አንድ ዙር 10 ቀን ነው። ጨዋታው ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 30 ይቆያል፤ ይህም ክረምቱ ወጥቶ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ምንጊዜም 30 ቀን ስለሆነ በወር 3፣ በጠቅላላው 9 ዙር ያለ ትርፍ ይገጥማል።

በየዙሩ 2 የዝናብ ካርድ ይገለጣል፤ ካርዱ በጠራው መንደር አንድ ኩሬ ይጨመራል። ከዚያ እያንዳንዱ ተከላካይ 2 እርምጃ አለው፦ ወደ ሌላ መንደር መሄድ፣ ኩሬ ማፋሰስ ወይም አንድ ሕሙም ማከም እያንዳንዳቸው 1 እርምጃ ይወስዳሉ፤ ለአንድ መንደር አጎበር መዘርጋት 3 እርምጃ ስለሚጠይቅ ተባብረው የሚሠሩት ነው። ካለፈው ዙር የቆየ ኩሬ ሁሉ አንድ ትንኝ ያወጣል፤ ዕንቁላል በራሪ ትንኝ እስኪሆን በሞቃት አየር 10 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ። ከዚያ ትንኞቹ ይነክሳሉ። ለእያንዳንዷ ዳይስ ይጣላል፤ አጎበር በሌለበት መንደር 1፣ 2 ወይም 3 ከወጣ ነከሰች፣ አጎበር ባለበት 1 ሲወጣ ብቻ። ማንን እንደነከሰች ሁለተኛው ዳይስ በቁጥሩ ይናገራል፤ 6 ከወጣ እንደገና ይጣላል።

አሁን ዋናዋ ሕግ። ትንኟ ሕሙም ከነከሰች ቆርኪው ውስጥ አንድ ምስር ይገባል። ዙሩ ሲያልቅ አንድ ምስር ያላቸው ሁሉ ሁለተኛ ይጨመርላቸዋል። ጤነኛ ሰው የምታሳምመው ሁለት ምስር ያላት ብቻ ናት። ደግሞ ትንኝ ዘላለም አትኖርም፤ በየመንደሩ 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ሦስት ሣጥኖች አሉ፣ ቆርኪው በየዙሩ መጨረሻ አንድ ሣጥን ያልፋል፣ ከሦስተኛው ሲወጣ ይነሳል። 10 ሰው በአንድ ጊዜ ከታመመ ወይም ቆርኪው ካለቀ ተከላካዮቹ ተሸንፈዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያለቀ ይመስላል። በመጀመሪያው ሙከራ ግን ይፈርሳል፤ አፈራረሱም ትምህርት ነው። አራት ተጫዋች በሁለት ሁለት እርምጃ 8 እርምጃ አላቸው፤ በዙር የሚመጣው ኩሬ 2 ነው። መንገዱንም ጨምሮ ኩሬውን ሁሉ አፋስሰው ይጨርሳሉ። ትንኝ የሚባል አይወጣም፣ አጎበሩንም ማንም አይነካውም። አንዱ እርምጃ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ከበለጠ ምርጫ የለም፤ ምርጫ ከሌለ ደግሞ ጨዋታው ሞቷል።

እዚህ ላይ ቡድኑ የሚወስደው መንገድ ሁሉን ይወስናል። ቀላሉ ቁጥር መነካካት ነው፦ ዝናቡን 6 ካርድ ማድረግ ወይም እርምጃውን መቀነስ። መምህሩ በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ «በእውነተኛው መንደር ሰዎች ኩሬውን ሁሉ አፋስሰው ወባን ለምን አላጠፉትም?» በቡድኑ ውስጥ ጂኦግራፊና ባዮሎጂ የሚቀናቸው ልጆች ያኔ ይነቃሉ። የመስኖ ቦይ አይፋሰስም፤ እህሉ ይደርቃል። የወንዝ ዳር አይፋሰስም። በሦስቱ ቆላማ መንደሮች አንዳንድ የማይፋሰስ ቦይ ሲጨመር በየመንደሩ በየዙሩ ቢያንስ አንድ ትንኝ ይወጣል፤ ዕድሜዋ ሦስት ዙር ስለሆነ ከጥቂት ዙር በኋላ በየመንደሩ ሦስት ትንኝ ሁልጊዜ አለ። ማፋሰስ ብቻውን አይበቃም፤ አጎበር ዋጋ አገኘ። ሕጉ የተጠገነው እውነቱ ራሱ ተጨምሮ ነው።

አሁን የሒሳቡ ልጅ የሚሠራው ሥራ አለው። ሦስት ትንኝ ባለበት መንደር አጎበር ከሌለ፣ በአንድ ዙር ማንም ሳይነከስ የማደር ዕድል 1/2 በ1/2 በ1/2፣ ማለትም 1/8 ነው፤ 12.5 በመቶ። አጎበር ካለ 5/6 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 125/216 ይሆናል፤ 58 በመቶ ገደማ። ትንኞቹ ስድስት ቢሆኑ ግን አጎበርም እያለ ወደ 33 በመቶ ይወርዳል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያሰላ ተማሪ አጎበርና ማፋሰስ አንዱ የሌላው ምትክ እንዳልሆኑ ራሱ ይነግራችኋል። ሌላው ደግሞ ሊጠይቅ ይችላል፦ ሁለተኛው ዳይስ 6 ሲያወጣ ለምን እንደገና ይጣላል? በአገራችን ዋነኛዋ የወባ ትንኝ አኖፊለስ አራቤንሲስ ከብትም ትነክሳለች፤ 6 ላም ይሁን። እሺ፣ ከሆነ ሰው የመነከስ ዕድል 1/2 መሆኑ ቀርቶ 1/2 በ5/6፣ 5/12 ሆነ። ማንም ሳይነከስ የማደሩም ዕድል ከ12.5 ወደ 20 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። አንዲት ላም ሁለቱን ትምህርት አገናኘች።

ደጋው መንደርስ? ቅዝቃዜው ከ16 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ በትንኟ ውስጥ እድገቱን አይጨርስም። በምስር ቋንቋ፣ ሁለተኛው ምስር አይጨመርም። ስለዚህ ደጋው ያለ ሥራ የተቀመጠ ይመስላል፤ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የሚመለሰውን ሰው የሚያስታውስ ተማሪ እስኪነሳ ድረስ። አንድ ቦሎቄ ለሁለት ዙር ወርዶ ይመለስ። የታሪክ ፍላጎት ያለው ካለ ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የደረሰውን ወረርሽኝ እንደ ልዩ መነሻ ይሥራው፤ ያኔ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ያ ዓመት ሞቃትና እርጥብ ስለነበረ «ደጋ ላይ ሁለተኛ ምስር የለም» የሚለው ሕግ ይነሳል፤ የደጋው ሰው ወባን በመልመድ የሚመጣ መከላከያ ስለሌለው የሚሆነውን ሰሌዳው ላይ ያዩታል።

ከሁሉ የምንወደው ግን የቤት ርጭት ነው። ትንኝ ከነከሰች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ የተረጨ ግድግዳ ይገድላታል። በጨዋታው ኬሚካሉ ለአንድ መንደር ብቻ ይበቃል፣ 4 እርምጃም ይፈጃል፤ በተረጨው መንደር ቆርኪ ከመጀመሪያው ሣጥን ሲወጣ ይነሳል። በዚያ መንደር የሚወጡት ትንኞች ቁጥር አንድም አልቀነሰም፣ ይነክሳሉም። ሆኖም ሁለተኛዋን ምስር ለመቀበል በሕይወት የምትቆይ የለችም። ወባ የምታስተላልፈው ያረጀች ትንኝ መሆኗን፣ ስለዚህም ዕድሜ ማሳጠር ከብዛት መቀነስ የበለጠ ኃይል እንዳለው በቃል ለማስረዳት ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፤ እዚህ ጋ ተማሪው ምስር በእጁ ይዞ የሚያስገባበት ቆርኪ ያጣል።

አማርኛው የሚፈተንበት ቀን

በአራተኛው ሳምንት ሕጉ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለሌላ ቡድን ይሰጣል። ሠሪዎቹ 15 ደቂቃ ከጎን ይቆማሉ፤ መናገር፣ መጠቆም፣ ራስ መነቅነቅ ክልክል ነው። ተጫዋቾቹ የቆሙበትን፣ የተከራከሩበትን፣ በስህተት የሄዱበትን ቦታ ብቻ ይመዘግባሉ። ይህ ከሁሉ የሚከብዳቸው ክፍል ነው። መምህሩም አይርዳ።

ብዙዎቹ ጉድለቶች ከቋንቋችን ጠባይ የሚመጡ ናቸው። «ካርድ ይነሳል» ጥሩ አማርኛ ነው፤ ግን ማን ያነሳል? «ኩሬው ይፋሰሳል» ሲባልም ማን፣ መቼ፣ በስንት እርምጃ? አድራጊውን የሚደብቀው ግሥ ለደብዳቤ ይመቻል፣ ለሕግ ግን አይሆንም። ተማሪው ይህን ሲያርም «ካርድ አንሳ» ይላል፤ ወዲያው «ሴት ብትሆንስ?» ይመጣል። «አንሱ» ካለ ደግሞ ለሁሉም ተጫዋቾች የተባለ ይመስላል፤ አራቱም እጃቸውን ወደ ካርዱ ይዘረጋሉ። የሚሠራው «ባለተራው አንድ ካርድ ያነሳል» የሚለው ነው። «እስከ 3» ሲጻፍ 3 ይካተታል? «1፣ 2 ወይም 3» ብሎ መዘርዘር ክርክሩን ይዘጋል። ስለ ተሳቢና ስለ ባለቤት የተማሩት ሰዋስው ጥቅሙ ከዚህ የበለጠ የሚታይበት ቦታ እምብዛም የለም።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

በጣም የተለመደው ውድቀት እባብና መሰላል ላይ ጥያቄ መለጠፍ ነው። «ካሬ 14፦ ወባ የሚያመጣው ተውሳክ ማን ይባላል? ከመለስክ 3 ወደፊት።» ይህ ፈተና ነው፣ ዳይስ የተጨመረበት። መለያው ቀላል ነው፤ ጥያቄዎቹን በሙሉ አውጥታችሁ የአበበ ቢቂላ ወይም የአባይ ጥያቄ ብታስገቡ ጨዋታው እንዳለ ከቀጠለ፣ ስለ ወባ ምንም አልያዘም። የምስሩን ሕግ ግን ብታወጡት ጨዋታው ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛው በሥዕል መጀመር ነው። ሥዕል የሚችለው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ውብ ሰሌዳ ሠርቶ ይመጣል፤ በፓርከር፣ በቀለም። ከዚያ በኋላ መንደር መጨመር ወይም ሣጥን መሰረዝ የልጁን ልፋት ማበላሸት ስለሚመስል ማንም ሕጉን አይነካም። ፓርከሩን እስከ አራተኛው ሳምንት ያስቀራችሁት ለዚህ ነው። የሥዕሉ ልጅ እስከዚያ ከባድ ሥራ አለው፤ የትኛው መረጃ በዓይን እንዲታይ፣ የትኛው በቃል እንዲያዝ ይወስናል። ሕሙሟን ትንኝ በቀይ፣ ጤነኛዋን በአረንጓዴ ቀለም የለየ ቡድን ሁለት ችግር ይገጥመዋል፤ አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ወንዶች፣ ሁለቱን ቀለም አይለይም፤ ሰሌዳውም በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲባዛ ልዩነቱ ይጠፋል። ምስር የተመረጠው በጨለማ እንኳ በጣት ስለሚቆጠር ነው።

ሦስተኛው ሁሉንም እውነት ማስገባት ነው። የባዮሎጂው ልጅ ቪቫክስ የሚባለው ዝርያ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደሚያገረሽ ያውቃል፤ እውነት ነው፣ ይግባ ይላል። ሌላው የመድኃኒት ዓይነት ይጨምራል። ሕጉ ሦስት ገጽ ይሆንና ማንም አይጨርሰውም። ተጫዋቹ የሚወስደውን ውሳኔ የማይቀይር እውነት ይውጣ። የወጣውን ግን «ያልገባ» ብለው ከነምክንያቱ ይጻፉት፤ ምን እንደተወ የሚያውቅ ሞዴል ሠሪ የሳይንስን ሥራ ጀምሯል።

አራተኛው ክፍፍል ነው፤ በእኛ እምነት በጣም ጎጂው ይህ ነው። ሁሉም የየራሱን ሠርቶ መጨረሻ ላይ ይለጠፋል፤ የሒሳቡ ልጅ ስለ ትንኝ፣ የባዮሎጂው ልጅ ስለ 5/6 ሳያውቅ ይወጣሉ። ወይም አንድ ጎበዝ ተማሪ ሁሉን ይሠራና አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። መፍትሔው በነጥብ አሰጣጡ ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ የሚከራከረው ራሱ ስላላወጣው ሕግ ይሁን፣ የትኛው እንደሚደርሰውም በዕጣ ይታወቅ። ከ100 ነጥብ 40ውን ለዚህ፣ 40ውን ለለውጥ መዝገቡ፣ 20ውን ብቻ ለተጠናቀቀው ጨዋታ ስጡ። የለውጥ መዝገብ የምንለው ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር ነው፦ የተቀየረው ሕግ፣ የተቀየረበት ምክንያት፣ ሲጫወቱት የሆነው። በአንድ ሙከራ አንድ ለውጥ ብቻ ይመዝገብ። ጨዋታቸው ያላማረ፣ መዝገባቸው ግን 15 እውነተኛ ለውጥ የያዘ ቡድን ከፍ ያለ ነጥብ ይገባዋል።

ኮምፒውተር ባለበት ትምህርት ቤት አምስተኛው ሳምንት ላይ ስክራች የሚባለው ለልጆች የተሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ይግባ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በአማርኛም ይገኛል። ግን ሙሉ ጨዋታውን አታሠሩ፤ ጊዜው ሁሉ ትንኝ በማብረር ያልቃል። አጎበር ያለው አንድ መንደር፣ ሦስት ትንኝ፣ 1,000 ዙር እንዲጥል ብቻ ይጻፍ፤ ማንም ያልተነከሰበት ዙር ወደ 58 በመቶ ይጠጋል ወይ? ካልተጠጋ ወይ ሒሳቡ ወይ ኮዱ ተሳስቷል፣ የትኛው እንደሆነ መፈለግ የሁለት ተማሪ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ወረቀቱ ከኮምፒውተሩ የሚቀድመው ግን በወረቀት ላይ አንድ ሕግ ለመቀየር ላጲስና አንድ ደቂቃ ስለሚበቃ ነው።

ያለቀው ጨዋታ ከነመዝገቡ በፌስታል ታስሮ ይቀመጥ። የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ሲመጣ ሁለተኛዋን ምስር የሚመለከተውን ሕግ ከገጹ ላይ ሸፍናችሁ ስጧቸው። ሁለት ሦስት ዙር ተጫውተው ሰው ሁሉ በፍጥነት ሲያልቅባቸው፣ የጎደለውን ሕግ ራሳቸው ይጻፉት፤ ከዚያ የተሸፈነውን ገልጣችሁ ከቀድሞዎቹ ጋር ያስተያዩ።